መናኸሪያው ሌሊት ሲከፈት መጸዳጃ ቤቱ ለምን ተቆልፎ ያድራል?

ይድረስ ለከተማችን የመንገድና ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ በቢሮዎ በር ሞክሬ ስላልሆነልኝ ነው። ማመልከቻዬ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ተሰጥቶታል። መልሱን ልጠይቅ ስመጣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልሁ፤ ሌላ ጊዜ ስመጣ «ይህ የማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ነው» ተባልሁ። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ «መናኸሪያው የትራንስፖርት ነው» ብሎ ወደ እናንተ መለሰኝ። እናንተ ስትገፋፉ የመናኸሪያው መጸዳጃ ቤት እንደተቆለፈ አለ።

እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ሐምሌ ላይ የሆስፒታል ቀጠሮ ኖሯት ወደ አዲስ አበባ ይዣት ልሄድ ትኬት ቆረጥን፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንድንገኝ ታዘዝን። ተገኘን። አውቶቡሱ ግን ሞልቶ የወጣው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። በዚያ ሁሉ ሰዓት ዝናቡ አላባራም። የመጠለያው ቆርቆሮ ስለተበሳሳ ሰዉ የሚያንጠባጥበውን እየሸሸ ወደ አንድ ጥግ ተጠጋግቶ ቆሟል፤ አግዳሚው ወንበር ተሰባብሮ የቀረው ብረቱ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሽንት እንደማያስታግሰው ማንም ያውቃል። እናቴን ደግፌ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ወሰድኋት፤ በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ጥበቃውን ብጠይቀው ቁልፉ ገንዘብ ተቀባይዋ ዘንድ መሆኑን፣ እርሷም 2፡30 ላይ ሥራ እንደምትገባ ነገረኝና በእጁ የአጥሩን ጀርባ አሳየኝ።

እናቴ ሰው ፊት እህል እንኳ ስትጎርስ በነጠላዋ ተሸፍና ነው። በዚያ ጨለማ አንዲት የማናውቃት ልጅ ጋቢዋን ዘርግታ ጋረደችላት። ከአጥሩ ማዶ ያለው የውኃ መውረጃ ቦይ ክዳን የለውም፤ ስትመለስ እግሯ ከዳትና እስከ ጉልበቷ ገባች። ጎትተን ስናወጣት ቀሚሷ በምን እንደራሰ መናገር አልፈልግም። አላለቀሰችም። «ልጄ፣ ቤቴ መልሰኝ» ብቻ አለችኝ። ቀጠሮው ከስንት ወር ጥበቃ በኋላ የተገኘ ስለሆነ ለምኜ አሳፈርኋት።

ከዚያ በኋላ የሆነው የባሰ ነው። ዳግመኛ እንዳትዋረድ ብላ መንገዱን ሙሉ ውኃ አልጠጣም አለች። ደጀንን አልፈን አባይ በረሃ ስንወርድ ወበቁ ጤነኛውን ሰው ያንገላታል፤ እርሷ ግን ጠርሙሱን ባቀረብሁላት ቁጥር በእጇ ትመልሰዋለች። ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀኝ ለምን ውኃ ሳትጠጣ እንደዋለች ነው። ክቡር ኃላፊ፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት የነበረብዎ እርስዎ ነዎት።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ አካል ጉዳተኞች የሚገቡበት መንገድና የሚጠቀሙበት መጸዳጃ ቤት እንዲኖረው አዝዟል። እርስዎ ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። በእኛ መናኸሪያ ግን አካል ጉዳተኛው ቀርቶ ሁለት እግር ያለውም የሚገባበት የለም። በየትኬታችን ላይ የመናኸሪያ አገልግሎት እየተባለ የሚቆረጠው ገንዘብ የምን አገልግሎት ዋጋ ነው?

ወደ ጎጃም ባቡር አልገባም። አውሮፕላን የማይችለው ሕዝብ፣ ማለትም አብዛኛው ሕዝብ፣ ያለው አውቶቡስ ብቻ ነው። ሪፈር የተጻፈለት በሽተኛ፣ አራስ ልጇን ያዘለች እናት፣ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ የሚወርድ የገበሬ ልጅ፣ ሁሉም በዚያች ግቢ ያልፋል። በእነዚህ ዓመታት ደግሞ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ተጓዡ መናኸሪያው ውስጥ ይውላል፤ የአልጋ ገንዘብ የሌለውም እዚያው ጭቃው ላይ ማዳበሪያ አንጥፎ ያድራል። ሴቶቹ እስኪጨልም ይጠብቃሉ። ሲጨልም ደግሞ ወደ አጥሩ ጀርባ ብቻቸውን መሄድ ስለሚፈሩ ተጠራርተው ነው የሚሄዱት። ይህን የነገረችኝ እናቴን የጋረደችላት ያች ልጅ ናት።

ከቢሮዎ አንድ ባለሙያ «በጀት የለም» ብሎኛል። ቆርቆሮው በጀት ይፈልግ ይሆናል፤ ቦዩን መክደንም እንዲሁ። በር መክፈት ግን በጀት አይጠይቅም። መናኸሪያው ለአውቶቡሶች ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከተከፈተ መጸዳጃ ቤቱም ለሰው በዚያው ሰዓት ይከፈት፤ ቁልፉ በሌሊቱ ተረኛ እጅ ይሁን። ጽዳቱን ሥራ ላጡ የከተማችን ወጣቶች ስጧቸው፤ አነስተኛ ክፍያ ቢያስከፍሉን በደስታ እንከፍላለን።

እናቴ በጥቅምት ሌላ ቀጠሮ አላት። አልሄድም ብላለች። ሕመሙን ፈርታ አይደለም፤ መናኸሪያውን ፈርታ ነው። የዚህን ደብዳቤ ቅጂ በስሜ ፈርሜ ለመዝገብ ቤትዎ አስገብቻለሁ። ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆንና በሩ ከመቼ ጀምሮ እንደሚከፈት የሚገልጽ በእርስዎ ፊርማ የተደገፈ መልስ ከቀጠሮዋ በፊት እጠብቃለሁ።