ቫዮሊኑ ጌጥ አይደለም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፦

ስለ ፖፕ ፓንክ (የፓንክ ሮክን ፍጥነት ከቀላል የፖፕ ዜማ ጋር ስለሚያዋህደው ሙዚቃ) ሲጻፍ የሎውካርድ «ቫዮሊን የጨመረ ባንድ» ተብሎ ብቻ መታለፉ ያሳዝናል። በጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ በ1997 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ይህ ባንድ የፈታው ችግር ከባድ ነው። የቫዮሊን ወፍራም ክር 196 ኸርዝ (በሰከንድ 196 ንዝረት) ላይ ይጀምራል፤ ስፍራውን ጊታሮቹ ስለሚሞሉት እዚያ የተመታ ዜማ ይዋጣል። ስለዚህ የባንዱን ቫዮሊን ተጫዋች የሾን ማኪንን ቫዮሊን ስሙት፦ ዜማው ጎልቶ የሚወጣው ከላይኞቹ ክሮች ነው።

ይህን መሞከር የሚሹ ወጣቶች ድምፃዊው ሲገባ ቫዮሊኑን ያሳርፉት፣ ወይም አንድ ረጅም ድምፅ ያስይዙት። መድረክ ላይ ማይክሮፎን ከበሮውንም ስለሚለቅም በብርኩማው (ክሮቹን ደግፎ በሚይዘው እንጨት) ላይ የሚገጠም ፒክአፕ፣ ማለትም የመሣሪያውን ንዝረት በቀጥታ የሚቀበል መሣሪያ፣ ይሻላል። ድምፁ ከሻከረ በድምፅ ማስተካከያው ከ2 ሺህ እስከ 4 ሺህ ኸርዝ ያለውን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ብዙ ከተቀነሰ ግን ቫዮሊኑ ከነጭራሹ ይጠፋል።

ለጀማሪ አድማጭ ከአልበሞቹ የ2003ቱ «ኦሽን አቬኑ» ይቅደም፤ በአሜሪካ የፕላቲነም (የአንድ ሚሊዮን ቅጂ) ደረጃ አግኝቷል። የ2006ቱ «ላይትስ ኤንድ ሳውንድስ» ከበድ ይላል። የ2007ቱ «ፔፐር ዎልስ» ከሚገባው በታች የተወራለት ነው። ባንዱ በ2017 ተበትኖ በ2022 ተሰባስቧል፤ «ቤተር ዴይስ» የተሰኘው አልበሙም በ2025 ወጥቷል።