አንቺስ እንዴት ነሽ?

የካ አባዶ፣ ኅዳር

እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? ለመጨረሻ ጊዜ የደወልሽልኝ የዛሬ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር፣ የእንቁጣጣሽ ማታ ነው። አላነሳሁትም። መብራት ጠፍቶ ነበር። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እየበራ፣ ስምሽ እየታየ ሲንቀጠቀጥ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ልጁ ትከሻዬ ላይ ሆኖ ይጮሃል። «እናትነት እንዴት ነው?» ብትዪኝ የምመልስልሽ አልነበረኝም። ጥሪው እስኪያበቃ ጠበቅኩ። ነገ እደውልላታለሁ አልኩ። ነገው ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ከዚያ በኋላማ አፈርኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ባለፈው ቅዳሜ አያት ሰፈር ታክሲ ስጠብቅ እናትሽን አገኘኋቸው። «ጓደኛሽ ወለደች እኮ፣ ሴት!» አሉኝ። እዚያው መንገድ ላይ እልል ብዬ አቀፍኳቸው። ቀጥለው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጅቷ ሁለት ወሯ ነው። ለክርስትናዋ ተመልሼ እሄዳለሁ። እኔ ከመጣሁ ወዲህ ግን ስልክ አታነሳልኝም። ብታነሳም ቶሎ ትዘጋዋለች» አሉኝ። ሆዴ ተላወሰ። ያቺ የእንቁጣጣሽ ማታ ትዝ አለችኝ። ወንድምሽ ረቡዕ ወደ ሐዋሳ ስለሚወርድ ይህን በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ። ወረቀት እንደ ስልክ አይጠራም። ሲመችሽ ታነቢዋለሽ።

ያኔ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ።

ልጄ የተወለደው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። እማዬ መጥታ አረሰችኝ። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የሚጠይቀው ሰው፤ ቤቱ ሞቅ ያለ ነበር። በ40 ቀኑ ክርስትና ተነሳ። ከዚያ ለዓውደ ዓመት ቤቷ መድረስ ነበረባትና ሄደች። ባለቤቴ ያገኘው ፈቃድ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት 3 ቀን ነበር፣ እሱም ካለቀ ቆይቷል። ከአባዶ መሀል ከተማ ለመድረስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይወጣል፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይገባል። እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ከሕፃን ጋር ቀረሁ። አዲስ ሰፈር፣ የማውቀው ሰው የለ። ውኃ በፈረቃ ነው። በዚያ ክረምት የሽንት ጨርቅ አልደርቅ እያለ በካውያ ነበር የማደርቀው፣ መብራት ካለ።

ለቅሶው የጀመረው እማዬ ሳትሄድ ነው። እሷ ከሄደች በኋላ ባሰ። በየቀኑ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ይጀምራል፣ እስከ 4 ሰዓት አያቆምም። ጠብቷል፣ አስገስቼዋለሁ፣ ጨርቁ ደረቅ ነው፣ ትኩሳት የለውም። ግን እግሩን ወደ ሆዱ እየሰበሰበ፣ ፊቱ ቀልቶ ይጮሃል። አንዷ «ወተትሽ አይበቃውም» አለችኝ። ሌላዋ «ዓይን ነው» አለች። ባለቤቴ ባለን ብር የቆርቆሮ ወተት ገዝቶ መጣ። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ አመንኩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ያንቺ ልጅ አሁን ልክ በዚያ ዕድሜ ላይ ናት። ጤነኛ ሕፃን የሚያለቅሰው ለቅሶ ከተወለደ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሞላው እየጨመረ ይሄዳል። ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ጣራ ይነካል። ሦስትና አራት ወር ላይ ይቀንሳል። ማታ ማታ ይብሳል። ይህን የነገረችኝ የጤና ጣቢያችን ሲስተር ናት። ወተቴን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «በቀን ስንት ጨርቅ ያረጥባል?» ስድስት ሰባት አልኳት። መዘነችው። «ክብደቱ እየጨመረ፣ ስድስትና ከዚያ በላይ እያረጠበ ከሆነ ወተትሽ በቅቶታል» አለችኝ። ቆርቆሮውን ተውኩት። አንቺንም ሐዋሳ ስለሚሞቅ «ልጅቷን ውኃ ጠማት» የሚልሽ አይጠፋም። እስከ 6 ወሯ ከጡት ሌላ ምንም አያስፈልጋትም፣ በሙቀትም ቢሆን። ውኃውም ቅቤውም ይቆይ።

አሁን ደግሞ ለባለቤቴም ቶሎ ያልነገርኩትን ልንገርሽ። መስከረም ውስጥ አንድ ማታ፣ ብዙ ካለቀሰ በኋላ፣ እጄ ጠበቅ ብሎ ሲይዘው አየሁት። የገዛ እጄን ፈራሁት። አልጋው ላይ በጀርባው አስተኛሁትና በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል። ለቅሶው በበሩ ይሰማኛል። እኔም አለቀስኩ። አምስት ደቂቃ ይሁን አሥር አላውቅም።

የምድር ቤቷ እማማ ባዶ ጀሪካን በእጃቸው ይዘው ቀስ እያሉ ወጡ። ከዚያ በፊት ከሰላምታ በቀር አውርተን አናውቅም። ምንም አልጠየቁኝም። ገቡ፣ ነጠላቸውን አወለቁ፣ ልጁን አንስተው በአንቀልባ ጀርባቸው ላይ አስተካከሉት። «እሹሩሩ» እያሉ ኮሪደሩ ላይ መመላለስ ጀመሩ። የፕላስቲክ ጫማቸው ሲንሸራተት እስከ አሁን ይሰማኛል። ጫፍ ደርሰው ሲዞሩ ቀስ ብለው መታ መታ ያደርጉታል። «አንቺ ተኚ» አሉኝ። ተኛሁ። ስነቃ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሆኗል። ባለቤቴ ወንበር ላይ ልጁን አቅፎ ተቀምጧል፣ እማማ ሄደዋል፣ ጀሪካኑ ውኃ ተሞልቶ በር ላይ ቆሟል።

ልጄን ጥዬ ወጣሁ ብዬ ለወራት ራሴን ስቀጣ ኖርኩ። በኋላ ሲስተሯ ያደረግሽው ትክክል ነው አለችኝ። ትዕግስትሽ ሲያልቅ ሕፃኑን በጀርባው አስተኝተሽ ትንሽ መራቅ ነው። ሕፃንን በንዴት መነቅነቅ ግን አንጎሉን ይጎዳዋል፣ ሊገድለውም ይችላል። ይህን ለባለቤትሽም፣ ለሠራተኛሽም ንገሪያቸው፣ እባክሽ።

ሥራ የተመለስኩት የ90 ቀኑ ፈቃድ ሲያልቅ ነው። እሱን ሌላ ጊዜ አጫውትሻለሁ።

ምግብ ስንጀምር ሌላ ጦርነት ተነሳ። ገንፎውን ይተፋዋል። አንድ ዘመድ «ጋቺው፣ ካልሆነ አይበላም» አለችኝ። ሁለት ቀን በግድ ጋትኩት። በሦስተኛው ቀን ማንኪያ ገና ሲያይ አፉን ግጥም አድርጎ ፊቱን አዞረ። ልቤ ተሰበረ። መጋቱን ያን ቀን አቆምኩ። ከዚያ እኔ ስበላ አጠገቤ አስቀምጠው ጀመር። የተፈጨ ምስር፣ አቮካዶ፣ በሁዳዴ እንኳ ለእሱ እንቁላል እቀቅላለሁ። ዛሬ የተፋውን ከሁለት ቀን በኋላ መልሼ አቀርብለታለሁ። አንዳንዱን አሥር ጊዜ ቀምሶ ነው የወደደው። ገንፎውም ቀጠን ካለ ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሆንም፤ ከማንኪያ ላይ የማይፈስ ይሁን።

በሰባት ወሩ ተቅማጥ ያዘው። ይኸኛው በጣም አስፈርቶኛል። ድዱ አብጦ ነበርና «ግግ ነው፣ ካልወጣለት አይድንም» የሚል መጣ። የሚያወጣ ሰው አድራሻ ሁሉ ተሰጠኝ። ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ልጁን አዝዬ ደረጃውን ወርጄ ነበር። ከታች እማማ አገኙኝና «ወዴት ነው?» አሉ። ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩ። «እኔ የመጀመሪያ ልጄን አስወጥቼለት ደም አልቆም ብሎ ነው ያጣሁት» አሉኝ። ከዚያ አብረውኝ ጤና ጣቢያ ሄዱ።

ድድ ላይ ያለው እብጠት የሚወጣው ጥርስ ነው፣ በሽታ አይደለም። ተቅማጡ የሚመጣው ከቆሸሸ እጅ፣ ከውኃው፣ መሬት ላይ አንስቶ አፉ ከሚከተው ነው። የሚገድለውም ከሰውነቱ የሚወጣው ውኃ ነው። ኦአርኤስ የሚባል በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄትና ዚንክ ሰጡን። ዱቄቱን ሙሉውን ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውኃ በጠበጥኩት። ልኩ ባለ አንድ ሊትሩ የሃይላንድ ውኃ ጠርሙስ ነው። በማንኪያ፣ በማንኪያ። ሲያስመልሰው አሥር ደቂቃ ጠብቄ እንደገና፣ ቀስ እያልኩ። 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ዚንኩን ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀን ሙሉ ሰጠሁት። ጡትም አላቋረጥኩም። ያንቺ ልጅ ቢይዛት፣ ዓይኗ ከጎደጎደ፣ መጥባት ካቃታት፣ ከፈዘዘች፣ ወይ ደም ካየሽ ግን ሌሊትም ቢሆን ይዘሻት ሩጪ። ሁለት ፓኬት ኦአርኤስ ቤትሽ ይኑር።

አሁን ሁለት ዓመት ከአራት ወሩ ነው። «ራሴ!» የምትል ቃል ተምሯል። ጫማውን ራሴ፣ ደረጃውን ራሴ። ባለፈው መገናኛ ታክሲ ውስጥ ሒሳቡን እኔ ለረዳቱ ሰጠሁ። ለካ ሊሰጥ የፈለገው እሱ ኖሯል። ስንወርድ መሬት ላይ ተዘርግቶ ተንፈራፈረ። ሰው ይመለከታል። «ቆንጥጪው» የሚልም ነበር። ድሮ ብሆን እቆነጥጠው ነበር፣ ሰው ፊት ስላፈርኩ ብቻ። አጎንብሼ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። «ብሩን አንተ ልትሰጥ ፈልገህ ነበር» አልኩት። ለቅሶው ወዲያው አልቆመም። ግን ዞሮ አየኝ። ቆይቶ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። አሁን ታክሲ ስንገባ ብሩን መዳፉ ውስጥ አስይዘዋለሁ። ብዙውን ጊዜ እንዲህ የሚሆነው ሲርበው ወይም እንቅልፉ ሲመጣ ነው። እኔም እንደዚያው ነኝ።

ዋናውን ነገር ግን ገና አልነገርኩሽም።

በዘጠኝ ወሩ ለኩፍኝ ክትባት ወሰድኩት። ካርዱን ሞላች፣ ወጋችው፣ አለቀሰ፣ አባበልኩት። ልወጣ ስል ያቺው ሲስተር እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «አንቺስ እንዴት ነሽ?» አለችኝ። እህቴ፣ በዘጠኝ ወር ውስጥ ማንም እንዲህ ብሎ አልጠየቀኝም። ሰው ሁሉ «ልጁ እንዴት ነው? አደገ? ይጠባል?» ነበር የሚለኝ። አፌን ከፍቼ መናገር አቃተኝ። እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ አለቀስኩ። በር ላይ የሚጠብቁትን እናቶች ትንሽ ታገሡኝ አለቻቸው።

እንቅልፍ ልጁ ተኝቶም አልወስድ ይለኝ እንደነበር ነገርኳት። የምወደው ምግብ አይጥመኝም። እኔ ባልኖር ለልጁ ይሻለዋል የሚል ሐሳብ ይመጣብኝ ነበር። እሱንም ነገርኳት። አልደነገጠችም። ከወለዱ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባስ ብዙ ሴት ላይ ይደርሳል፣ በሁለት ሳምንት ይለቃል አለችኝ። ከዚያ ካለፈ ግን ድብርት የሚባል ሕመም ሊሆን ይችላል፣ ይታከማል። ወደ ሐኪም ላከችኝ። ከባለሙያ ጋር በየሳምንቱ እየሄድኩ አወራሁ። ጠበልም ተጠመቅኩ፣ ሕክምናውንም አላቋረጥኩም። ባለቤቴ ሁሉንም ሲሰማ መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ልጁን የሚያጥበው እሱ ነው። እማማ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ይወስዱታል። እኔ ለእሳቸው ውኃ እቀዳላቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን አመጣላቸዋለሁ። በአንድ ጊዜ አልዳንኩም። ግን ዳንኩ።

እናትሽ «ስልክ አታነሳም» ሲሉኝ የሰማሁት ይህን ነው። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፣ ምናልባት ድካም ብቻ ነው። ብቻ እኔ ስለ ልጅቷ አልጠይቅሽም፤ እሷን ሁሉም ይጠይቅላታል። አንቺስ እንዴት ነሽ? ትተኛለሽ? ትበያለሽ? የሚያስፈራሽ ሐሳብ ካለ ለኔ ንገሪኝ፣ ዛሬውኑም ለባለቤትሽ ንገሪው። እዚያው ጤና ጣቢያም ሂጂ፣ ለልጅቷ ክትባት ስትሄጂ እንኳ ጠይቂያቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ 4 ሰዓት ላይ እደውልልሻለሁ። ልጅቷ ብታለቅስም አንሺው። ማውራት ካቃተሽ አታውሪ፣ ስልኩን አጠገብሽ አስቀምጪውና እሷን ስታባብያት እሰማችኋለሁ። ሳትዘጊው እኔ አልዘጋም። ለክርስትናዋ ከእናትሽ ጋር እመጣለሁ፣ ቲኬቱን አብረን እንቆርጣለን ተባብለናል። አንቀልባውን አጥቤ አስቀምጬልሻለሁ።

አብሮ አደግሽ