ሚጢዬ፣ ሲቪሽን ላኪልኝ

ሚጢዬ፣ እንዴት ከረምሽልኝ? እናትሽስ ጤናቸው እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሐዋሳም እንደምታውቂያት ናት፤ ባጃጁ በዝቷል፣ የቤት ኪራይ ሰማይ ነክቷል። ስለ ዝምታው አንነታረክ። አንቺም አልደወልሽ፣ እኔም አልደወልኩ፤ ሒሳቡ ይዘጋ።

እህትሽን ፒያሳ አግኝቻት ሁሉን አጫወተችኝ። እዚህ ላለ ፕሮጀክት ልታመለክቺ ነው አለች። ግን ሲቪ ልትጽፊ በተቀመጥሽ ቁጥር «ሦስት ወር እዚህ፣ አራት ወር እዚያ፣ ማን ያምነኛል?» እያልሽ ላፕቶፑን ትዘጊዋለሽ አሉ። አሁን ባለሁበት ቢሮ ማመልከቻ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያልፈው በእኔ እጅ ስለሆነ፣ ከወዲህኛው ወገን ሆኜ የማየውን ልንገርሽ።

አጭር ሥራ የሚያስጠረጥረው ለምን እንዳጠረ ካልታወቀ ነው። ከሥራው ስም ጎን «የአራት ወር ኮንትራት» ብለሽ ጻፊ፤ በቃ፣ ጊዜው ሲያልቅ አለቀ። ኢንዱስትሪ ፓርክ የሠራሽውንም አትደብቂ። በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ አገራችን ከአጎዋ፣ ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከምንልክበት ዕድል፣ ስትወጣ ስንቱ ልጅ እንጀራውን እንዳጣ የማያውቅ ቀጣሪ ሐዋሳ ውስጥ የለም። «ፋብሪካው ሠራተኛ በመቀነሱ» ማለት ይበቃል። ዝርዝሩን ከጠየቁሽ ቃለ መጠይቅ ላይ ትነግሪያቸዋለሽ።

ትልቁ ነገር አደራደሩ ነው። ሁሉንም በወርና በዓመት ብቻ ከደረደርሽው የተበጣጠሰ ይመስላል። በዓይነቱ ሰብስቢው። የወባው ጥናት፣ የእናቶችና የሕፃናቱ፣ የገበሬዎቹ፣ ሁሉም መረጃ መሰብሰብ አይደለም እንዴ? «መረጃ ሰብሳቢ፣ በተለያዩ ኮንትራቶች» የሚል አንድ ርዕስ ስጪውና ከሥሩ እያንዳንዱን ከነጊዜው በአንድ መስመር አስፍሪ። ያኔ የሚያነበው ሰው አንድ ሙያ ያያል።

ደግሞ «መረጃ ሰብስቤያለሁ» ብለሽ ብቻ አትለፊ። ቅጹን በታብሌት፣ ኮቦ በሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ትሞዪ ነበር። ኔትወርክ የሌለበት ቀበሌ ውለሽ ማታ ከተማ ስትገቢ ነበር ዳታውን የምትልኪው። በቀን ስንት ቤት ታዳርሺ ነበር? ጻፊው። በሲዳሙ አፎም በአማርኛም መጠየቅ መቻልሽንማ፣ እኔ ብሆን ከስሜ ቀጥሎ ነበር የማደርገው! «ታታሪ፣ በሥራ ጫና ውስጥ መሥራት የምችል» የሚለውን ግን በእናትሽ አውጪው። ጽሕፈት ቤት ያለችው ልጅ ለመጣው ሁሉ አንዱኑ እየገለበጠች ትለጥፋለች፤ እኔም ያንኑ ሳነብ እውላለሁ።

አዳማ ስብሰባ ሲበዛ ሆቴሉ ለጥቂት ቀን የጠራሽን ጊዜ ተዪው። ለእንግዳ መቀበያ ብታመለክቺ ሌላ ነገር ነበር። ለዚህ ግን ቦታ ይይዛል እንጂ አይጠቅምሽም።

ሲቪው በእንግሊዝኛ ከሆነ ቀኖቹን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መቀየር እንዳትረሺ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይጎዳል። ሐምሌ 2013ን እንዳለ ብታስቀምጪው፣ የውጭ አገሩ አለቃ ካንቺ ሥራ ወዲህ ስምንት ዓመት ተጨማሪ ያለፈ ይመስለዋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜ 8 ጨምሪ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፤ ወረቀቱ። የአጭር ጊዜ ሥራ ክፋቱ፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ቢሮውም ሰዎቹም ይበተናሉ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ የምትጠይቂውን ሰው ታጫለሽ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግልጽ ነው፦ ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው ሲጠይቅ፣ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ መስጠት አለበት። ልመና አይደለም፣ መብትሽ ነው። ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም መኖሩን እዚያው ቆመሽ አረጋግጪ። የሥራ ግብር መከፈሉንም እንዲጠቅሱልሽ አድርጊ፤ ከግል ድርጅት ለሚመጣ ልምድ ይህን የሚጠይቅ ማስታወቂያ ብዙ ነው። ደብዳቤ ያላገኘሽበት ካለ የኮንትራቱን ኮፒ ፈልጊ። እሱም ከጠፋ ያኔ የነበረውን ሱፐርቫይዘር ደውይለትና ስልኩን በምስክርነት ልታስገቢ እንደሆነ ንገሪው። ሳይነገረው ሲደወልለት «ማን ናት?» ያለ ሰው አጋጥሞኛል፤ ልጅቷን በጣም ነው የጎዳት።

ረቂቁን በቴሌግራም ላኪልኝ። እንዳርመው በወርድ ይሁን፣ ፒዲኤፍ አታድርጊው። ምዝገባው ሳይዘጋ ግን ቶሎ በይ። ለቃለ መጠይቅ ከጠሩሽ ደግሞ አልጋ ልያዝ እንዳትይ፣ እኔ ጋ ነው የምታርፊው።

እናትሽን ሳሚልኝ።

ያንቺው ጓደኛ፣ ከሐዋሳ