ከቤበንሃውዘን፣ ለልጄ

ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ነህልኝ? እጅህስ? ብርዱ ሳይጠና ግዛ ያልኩህን ጓንት ገዛህ ወይ? እኔና እናትህ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው ቅዳሜ ብቻዬን ቤበንሃውዘን ሄድኩ። ከቱቢንገን በአውቶቡስ ቅርብ ናት፤ የሾንቡኽ ጫካ ውስጥ ያለችው ትንሽ መንደር። ልጅ ሆነህ ከክፍል ጓደኞችህ ጋር ሄደህ «አሮጌ ግንብ ብቻ ነው» ያልከኝ ቦታ ነው። እኔ ግን ግማሽ ቀን ቆሜ ዋልኩ።

ገዳሙን የመሠረተው የቱቢንገኑ መስፍን ሩዶልፍ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1183 አካባቢ። ከ1190 ጀምሮ ሲስተርሲያን የሚባሉ መነኮሳት ገቡበት። ሌሊት ተነሥተው ይጸልያሉ፤ ቀን ደግሞ ዳዊት እንዳለው ሰባት ጊዜ። እኛ ሀገር ያሉት መነኮሳት ትዝ አሉኝ። ብርዱን ግን አስበው! በእንዲህ ያለ ገዳም ከወጥ ቤቱና ከሕሙማን ክፍሉ ሌላ እሳት የሚነድበት ክፍል አንድ ብቻ ነበር። እኔ ጀርመን የመጣሁ ሰሞን ማሞቂያውን አቅፌ ነበር የማድረው።

ግቢው ውስጥ የሚኖረው ግን ሁሉም ቀዳሽ መነኩሴ አልነበረም። የሥራ ወንድሞች ነበሩ። የሚያርሱት፣ የሚገነቡት፣ ከብት የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም። የሚበሉት ለብቻቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ቦታቸው ከኋላ።

አሁን ልነግርህ ወደፈለግኩት ልምጣ። የሲስተርሲያኖች ሕግ ትልቅ የደወል ማማ መሥራት ይከለክል ነበር፤ ለትሑት መነኩሴ አይገባም ብለው። ስለዚህ ደወላቸውን ጣራው ላይ በምትቀመጥ ትንሽ ማማ ውስጥ ነበር የሚሰቅሉት። የቤበንሃውዘኗ ከ1407 እስከ 1409 የተሠራች ናት። ልጄ፣ ድንጋይ ናት ግን ድንጋይ አትመስልም። የእናትህን ቀሚስ ጥበብ አስብ። እንደዚያ ተፈልፍላ ሰማዩ በመሃሏ ይታያል። የሠራት ማን መሰለህ? ከዛሌም ገዳም የመጣ ጌኦርግ የሚባል የሥራ ወንድም። ከነዚያ ከኋላ ከሚቆሙት አንዱ!

እዚያው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ዩኒቨርሲቲውን ትተህ የድንጋይ ጠራቢነት አውስቢልዱንግ፣ የሙያ ሥልጠና ማለት ነው፣ ጀመርኩ ስትለኝ፣ «ድንጋይ እንድትጠርብ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የለፋሁት?» አልኩህ። ስልኩንም ዘጋሁብህ። ያልነገርኩህ ነገር አለ። አያትህ መንዝ ውስጥ ግንበኛ ነበሩ። የሰው ቤት የድንጋይ ግድግዳ እየሠሩ ነው ያሳደጉኝ። ተማሪ ቤት «የአባትህ ሥራ ምንድን ነው?» ስባል ገበሬ ነው እል ነበር። እጃቸው ሻካራ ስለነበር ሰው ፊት እንዲይዙኝ አልፈልግም ነበር። አንተ ስትነግረኝ የተቆጣሁት ያ ሁሉ ተነሥቶብኝ ነው። ይቅር በለኝ።

ገዳሙ በ1534 የፕሮቴስታንት ተሐድሶ ከመጣ በኋላ ተዘጋ። ከቤተ ክርስቲያኑም ከፊሉ ፈረሰ። በኋላ የልጆች ትምህርት ቤት ሆነ፤ ከዚያ የንጉሥ የአደን ቤት። የመጨረሻው የቩርተምበርግ ንጉሥ ዙፋኑን ከለቀቀ በኋላ በ1921 የሞተው እዚያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ እስከ 1952 የክልል ምክር ቤት ተሰብስቦበታል። ማማዋ ይሄን ሁሉ ከላይ ሆና አይታለች።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እነዚያ ቀጫጭን ድንጋዮች እርስ በርሳቸው በምን ተያያዙ? ንፋሱ እንዴት አልጣላቸውም? ሥራ ስትፈታ ና፣ አብረን እንሂድና አሳየኝ። እናትህ ዳቦ እደፋለሁ ብላለች። የትኛው ቅዳሜ እንደሚመችህ ንገረኝ፤ በዚህኛው ጊዜ ስልኩን አልዘጋብህም።

አባትህ