ደብዳቤ ለልጄ፦ ድንበሩን አትለፊ

ልጄ፣

ወንድምሽ ትናንት ማታ ደውሎ ነገረኝ። ዐውሎ ነፋሱ የጎረቤትሽን የኦክ ዛፍ ቅርንጫፍ ሰብሮ ግቢሽ ላይ ጥሎታል፤ አንቺም የሞተር መጋዝ ተከራይተሽ የቀረውንም ልቆርጥ ነው ብለሻል። አንቺን አለመንካቱ ተመስገን ነው። መጋዙን ግን ዛሬውኑ መልሺ።

አንቺ ባለሽበት በአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት፣ ዛፍ ግንዱ የቆመበት ግቢ ባለቤት ንብረት ነው። ግንዱ ድንበሩ ላይ ከቆመ የሁለታችሁ ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው ስምምነት አይቆርጠውም። ወደ አንቺ የተዘረጋ ቅርንጫፍና ሥር ግን በራስሽ ወጪ እስከ ድንበሩ ድረስ መቁረጥ ትችያለሽ። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1988 እንደወሰነው፣ ጤነኛ ዛፍ ሥርና ቅጠሉን ላከብኝ ብለሽ ካሳ አታገኚም፤ መፍትሔሽ ያው መቁረጡ ነው። እስከ ድንበሩ ብቻ! ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ሰው መሬት ገብቶ ለገበያ የሚሆን ዛፍ የቆረጠ ሰው የዋጋውን ሦስት እጥፍ ይከፍላል።

ድንበሩ ደግሞ አጥሩ ነው ብለሽ አትመኚ። ቤቱን ስትገዢ የሰጡሽ ንድፍ ቤቱ የት እንደቆመ የሚያሳይ እንጂ ድንበር የሚያረጋግጥ አይደለም። ፈቃድ ያለው ቀያሽ ጠርተሽ ችካል አስተክዪ።

የአያትሽን ባሕር ዛፍ ነገር ታውቂዋለሽ። ሥሩ ማሳዬን አደረቀው በሚል ጠብ የተጣሉት ሁለት ቤቶች በለቅሶ እንኳ ሳይደራረሱ ኖሩ። እኔ እስካሁን የሚቆጨኝ ሽማግሌ የገባው ዘግይቶ መሆኑ ነው፤ ገና ችካል ሳይነቀል ቢገባ ኖሮ በአንድ ከሰዓት ያልቅ ነበር። ዛፉ እንደሆነ ለአጥር ማገር እንኳ አልሆነም።

«ዛፉ የእሱ ነው፣ ይክፈል» ብለሻል አሉ። እንደዚያ አይደለም፣ የኔ እናት። ጤነኛ ዛፍ በነፋስ ወድቆ ጣሪያሽን ቢሰብር የሚከፍለው የራስሽ የቤት ኢንሹራንስ ነው፤ መኪናሽን ቢመታ ኮምፕሪሄንሲቭ (ከግጭት ውጪ ያለውን ጉዳት የሚሸፍነው) ካለሽ የመኪናው ኢንሹራንስ። ሣር ላይ ብቻ ከወደቀ አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይከፍልም፤ ራስሽ ታስነሺዋለሽ። ጎረቤትሽ የሚጠየቀው ዛፉ መበስበሱን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ዝም ካለ ነው። ስለዚህ ምልክቱን ፈልጊ፦ ግንዱ ግርጌ የበቀለ እንጉዳይ፣ ሌላው ዛፍ ለምልሞ ሳለ ቅጠል ያላወጣ አናት፣ በአንድ በኩል የተነሳ አፈር። ካየሽ ከነቀኑ ፎቶ አንሺና በደብዳቤ አሳውቂው፤ በሬኮማንዴ ላኪው፣ የፈረመበት ወረቀት ይመለስልሽ። በቃል መንገር ፍርድ ቤት ሲደርስ ይካዳል።

የወደቀውን ሳታስነሺ በፊት ለኢንሹራንሱ በየአቅጣጫው ፎቶ አንሺ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከነካው አጠገቡ እንዳትደርሺ። ተጣሞ የተወጠረ ቅርንጫፍ በውጥረቱ በኩል ከተቆረጠ ተፈናጥሮ ፊት ይመታል፤ ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። የግዛቱ የዛፍ ባለሙያ ፈቃድና የኢንሹራንስ ወረቀት ያለውን ቅጠሪ፤ ከነፋስ በኋላ በር አንኳክቶ ጥሬ ገንዘብ የሚለውን መልሺው። ዛፉ ላይ የቀረውን ቅርንጫፍ ሲቆርጥ አንቺ ራቅ ብለሽ ቁሚና እዪ፦ መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ከታች የውፍረቱን ሲሶ፣ ቀጥሎ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ፣ በመጨረሻ የቀረውን ጉቶ፣ ቅርንጫፉ ከግንዱ ከሚገናኝበት እብጠት ወጣ አድርጎ። ከታች ሳይጀምር ከቆረጠ ቅርንጫፉ ሲወድቅ ቅርፊቱን ይዞ ይላጣል፣ ቁስሉም ይበሰብሳል። ቀለም አይቀባው።

ሥሩንማ ተዪው። የግንዱ ውፍረት (ከዳር እስከ ዳር) 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ከግንዱ ከ1.80 ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ሥሩ ከተቆረጠ ዛፉ መያዣ ያጣል፤ ያን ጊዜ ቢወድቅ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። የሚያስቆፍር ነገር ካለም በቅድሚያ 811 ደውዪ፤ መሬት ውስጥ የተቀበረውን ሽቦና ቧንቧ ምልክት ያደርጉልሻል። መንገድ ዳር ያለው ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1914 በወጣው የግዛቱ ሕግ መሠረት ያለ ግዛቱ ፈቃድ አይነካም።

መብትሽን አትተዪ፣ ድንበሩን ግን አትለፊ። ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤትሽን አነጋግሪው፣ ወንድምሽም አብሮሽ ይሁን። ግንዱን፣ እንጉዳይ ካለበትም ከእንጉዳዩ ጋር፣ በደንብ አጉልተሽ ፎቶ ላኪልኝ፤ ከራስሽ ግቢ ሆነሽ አንሺው።

አባትሽ