የአናጢው ልጆች ምስጋና፦ ይድረስ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው

አባባን ከሸኘን አርባ ቀን አለፈ። የሆነውን ታውቃላችሁ። አብራችሁን ስለነበራችሁ አልደግመውም። የሆስፒታሉ ሦስት ሳምንት፣ ያቺ የሐምሌ ሌሊት፣ ከዚያም ድንኳኑ። እኔ ብዙው ተምታቶብኛል። ማን መቼ እንደመጣ፣ ማን ምን እንዳለኝ ለይቼ አላስታውስም። ስለዚህ ይሄ ደብዳቤ ቅደም ተከተል የለውም። እህቴና ወንድሞቼ "አንቺ ጻፊው" ያሉኝ ቤት ውስጥ ወሬ የማበዛው እኔ ስለሆንኩ ነው።

የአባባን ስም አልጽፍም። ደሴ ሸዋ በር ሰፈር "አናጢው" ካላችሁ ሕፃን ልጅም ያሳያችኋል። "ሳጥን ሠሪው" የሚሉትም አሉ። ይሄኛውን አይወደውም ነበር። የስንቱን ሙሽራ አልጋ፣ የስንቱን ቤት ቁም ሳጥን ሠርቷል! ሰው ግን የሚያስታውሰው የመጨረሻዋን ሳጥን ነው።

በዚህ ሥራው ምክንያት አባባ በሽተኛ አይጠይቅም ነበር። ጭካኔ አይደለም። ድሮ አንድ ጎረቤታችን ታመው ሊጠይቃቸው ሆስፒታል ገባ። ሰውየው ከተኙበት ቀና ብለው "ምነው፣ ልትለካኝ መጣህ?" አሉት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ አሉ። ሰውየው ድነው ወጡ። አባባ ግን ከዚያ ወዲህ ሆስፒታል ደጃፍ አልደረሰም። ብርቱካን ይገዛና በእኛ ይልካል። "ከማን ነው ካሏችሁ ከእናታችን በሉ" ይለናል።

እሱ ሲተኛ ታዲያ ማን ይጠይቀዋል ብዬ ሰግቼ ነበር። መጣችሁ። ኮሪደሩ እስኪሞላ መጣችሁ። አንዷ ነርስ "አባትሽ ባለሥልጣን ነበሩ እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። "አይ፣ አናጢ ነው" አልኳት። ብርቱካኑ ከመብዛቱ የተነሳ ለሌሎች በሽተኞች አደልነው። ያቺን ነርስና አብረዋት ያደሩትን ሐኪሞች ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። ደም የሰጣችሁትንም።

አሁን ወደ ወንድምጋሼ ልግባ።

የእሱንም ስም አልጽፍም። ራሱ ከልክሎኛል። "ስሜን ከጻፍሽ ምንዳዬን ወሰድሽብኝ" አለኝ። እሺ ብያለሁ። ስሙን እንጂ ሥራውን አትጻፊ አላለኝምና ሥራውን እጽፋለሁ።

ወንድምጋሼ በ1977ቱ ረሃብ ከባቲ መጠለያ የመጣ ልጅ ነው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ዘመድ አልቀረለትም ነበር። አባባ ዕንጨት ሊገዛ ወርዶ ልጅ ይዞ ተመለሰ። እናታችን "ዕንጨቱስ?" አለችው ይባላል። እኔ ያኔ ገና ድክ ድክ የምል ነበርኩ። በጀርባው አዝሎ ያሳደገኝ እሱ ነው።

እሱ ሙስሊም ነው፤ እኛ ክርስቲያን ነን። አባባ አንድ ቀን "ተጠመቅ" ብሎት አያውቅም። ይልቅስ ቁርዓን ቤት ወስዶ አስመዘገበው። እናታችን የሱን ሥጋ የምትሠራበት ድስት ለብቻ ገዛች። ሥጋው ከሙስሊም ሉካንዳ ይመጣል፣ በሱ ድስት ይሠራል፣ በሱ ሰሐን ይቀርባል። እኛ ልጆቹ ድስቱን እንቀናበት ነበር፤ ከኛ ድስት የሱ ያምር ነበራ። ረመዳን ሲሆን እናታችን ሌሊት ተነስታ ሱሑር ታሞቅለታለች። ይሄን የምጽፈው ልመጻደቅ አይደለም። ወሎ ውስጥ ይሄ ዜና እንዳልሆነ አውቃለሁ። ድስቱ ትዝ ስላለኝ ነው።

ሙያውን ከአባባ ተማረ። መላጊያ አያያዝ፣ መሮ መሳል፣ ኮላ ማፍላት። ከዚያ ኮምቦልቻ ወርዶ የራሱን ቤት ከፈተ። ዛሬ ከኛ ሱቅ የሱ ይበልጣል፤ አባባም ይሄን ሲናገር ደስ ይለው ነበር።

በዚያች ሌሊት ስልክ የደወልነው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። "አብሽሪ፣ መጣሁ" ብሎ ዘጋው። ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በክረምት ጭጋጉ ሲወርድ እንኳን መንገዱን የመኪናህን አፍንጫ አታይም። ባለ መኪና ሁሉ "እስኪነጋ ጠብቅ" ሲለው አንዱን ለምኖ አስነሳውና ወጣ። ያ ሹፌር ማን እንደሆንክ አላውቅህም። ገንዘብም አልተቀበልክም አሉ። ቤትህ ይባረክ።

እኛ ቤት ውስጥ ስለ ሳጥኑ እንጨቃጨቅ ነበር። ልክ ነው፣ ያሳፍራል። ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ የሚያብረቀርቅ፣ እጀታው ነሐስ የሚመስል ይምጣ ይላል። እህቴ በአምስት ሰዓት መንገድ አይደርስም ትላለች፤ አምስት ሰዓትም አይበቃ፣ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ነው። ወንድምጋሼ ገባ። ለቅሶውን አላለቀሰም። የሱቁን ቁልፍ ከመስማሩ አንስቶ ወጣ።

ከዚያ የመላጊያ ድምፅ ሰማን።

ሰፈሩም ሰማ። ሱቃችን ሦስት ሳምንት ተዘግቶ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን በኋላ እንደነገረችኝ፣ ድምፁን ስትሰማ "እሰይ፣ አናጢው ድኖ ገባ!" ብላ ባሏን ቀሰቀሰችው። እልል ልትል ነበር። እዚህ ላይ መጻፍ አቁሜ ተነሳሁ፤ ቡና አፍልቼ ነው የተመለስኩት።

ጎህ ሲቀድ ገብቼ አየሁት። ቁመቱን ሙሉ በሰጋቱራ ነጥቷል። ጥድ ነው የሠራበት፤ ጥዱን ከኮምቦልቻ በመኪናው ጣሪያ ጭኖ አምጥቶታል። ሜትር አልያዘም። "ሳትለካ?" አልኩት። "የጋሼን ቁመት ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ" አለኝ። ልክክ ብሎ ሆነ።

ግድግዳው ጋ ሁለት ጣውላ ቆሞ ነበር። "እነዚህ ነበሩልህ እኮ፣ ለምን በጭጋግ ተጭነህ መጣህ?" አልኩት። ዞር ብሎ አየኝና "እነሱ የጋሼ አይደሉም፤ የሰው ናቸው" አለኝ።

የነዚያን ጣውላዎች ነገር የማታውቁ ካላችሁ ከአያታችን መጀመር አለብኝ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ አያታችን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ የአንድ አናጢ ምስማር አቀባይ። ጃንሆይ ያን ቀን ደሴ ነበሩ። ቀይ መስቀል የተሰቀለበት የአሜሪካ ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። አሠሪያቸው አናጢ ያን ሳምንት ዕቃ የመጣበትን ካርቶንና ሳጥን ሁሉ እየፈቱ ለሟች አደረጉት። ካልበቃም ሰሌን። አያታችን ምስማር ሲያቀብሉ እጃቸው ደማ። በኋላ በጣሊያን ጊዜ በጣሊያን አናጢዎች ሥር ሠሩ። ሞርሳ (ዕንጨት መቆንጠጫው)፣ ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያዋ)፣ ኮምፔንሳቶ (ስሱ ጣውላ) የሚሉት ቃል ከነሱ ቀርቷል፤ እኛ ቤት ግን የአያታችን ቃል ነበር የሚመስለን።

ጣሊያን በ1933 ሲወጣ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ሕግም አወጡ። ደንበኛ ዕንጨቱን ገዝቶ ይሰጣል፤ ሥራው ሲያልቅ የሚተርፍ አለ። አያታችን ትርፉን ደንበኛው ፊት ያቆሙትና "ይሄ ላንተ ነው ወይስ ለእግዜር?" ይላሉ። ሰው ፊት "ለእኔ" የሚል ወንድ የለም። ጣውላው ግድግዳ ይደገፋል። የሚቀብረው የሌለው ሰው ሲሞት ከዚያ ይነሳል። ሙስሊም ከሆነ ቃሬዛ ይጠገንበታል፣ ወይ ለመቃብሩ መክደኛ ይሄዳል። "ንጉሥ ሚካኤል የአይጠየፍን ግብር አዳራሽ የሠሩት ሁሉም ገብቶ እንዲበላ ነው፤ ታዲያ ሲሞት መጠያየፉ ከየት መጣ?" ይሉ ነበር።

በ1966ቱ ረሃብ ግን ጣውላው አልቻለም። አባባ ያኔ ሃያ ዓመቱ ነው። ከሰሜን በመንገዱ የሚመጣው ሰው ስሙን ሳይናገር ይወድቅ ነበር። ለእያንዳንዱ ሳጥን መሥራት ስላልተቻለ አያታችንና እሱ ቃሬዛ ብቻ ሠሩ፤ ሄዶ የሚመለስ። አባባ ስለዚያ ዘመን አንድ ነገር ብቻ ነው የነገረን። ቃሬዛው ሲመለስ እንዳይሞቅ እመኝ ነበር አለን። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅነውም።

ደብተሩን ያገኘነው ከሠልስቱ በኋላ ነው። የሂሳብ ደብተር ነው። "አልጋ፣ ቀሪ ይህን ያህል"፣ "በር፣ ቀብድ ተቀብያለሁ"። መሐል መሐል ግን "ሳጥን፣ ተከፍሏል" የሚል አለ። ስም የለውም፣ ብር የለውም። ማን ከፈለ? ወንድምጋሼ ሳቀብን። "ገና አሁን ነው የምታውቁት?" አለ። በ2014 በጦርነቱ፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለው ሁለት ገጽ ሙሉ እንዲሁ ነው፤ ተከፍሏል፣ ተከፍሏል፣ ተከፍሏል። እኛ ያኔ ደብረ ብርሃን ነበርን። ስልክ አይሠራም። አባባ "ሱቁን ማን ይጠብቃል?" ብሎ ቀረ። ስንመለስ የሱቁ የውስጥ በር አልነበረም። "ምስጥ በላው" አለን። እኛም አመንን! የወይራ በር ምስጥ በላው ሲለን አመንን።

በአርባው ማግስት ደግሞ አንዲት እናት ከኩታበር መጡ። በነጠላቸው ጫፍ ብር ቋጥረዋል። ለባላቸው ሳጥን ነው፤ የእኔ ልጅ ስትወለድ የሞተ ሰው፤ ልጄ ደግሞ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ደብተሩን አውጥተን "እማማ፣ ተከፍሏል ይላል" አልናቸው። አልተቀበልንም። ተቆጡ፣ አለቀሱም። ወንድምጋሼ ነው ያስታረቀን። ይዟቸው ወጥቶ አንድ ጣውላ አስገዛቸውና በራሳቸው ትከሻ አምጥተው ግድግዳው ላይ አቆሙት። አሁን ሦስት ነው።

ወንድምጋሼ፣ አመሰግንሃለሁ ብዬ አልጽፍም፤ ትቆጣለህ። ድስትህ አለች። ብቻ እሱን ልበልህ።

የቀረው ሰው ብዙ ነው። ቅሬያችን (ዕድራችን)፣ ድንኳን ተክላችሁ ውኃ ቀድታችሁ እንጀራ ጋግራችሁ፤ የመድኃኔዓለም ካህናት፤ ዱዓ ያደረጋችሁ ሼሆችና ዱበርቲ እናቶች፤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሳጥኑን በትከሻ ተቀባብላችሁ ያደረሳችሁ የሸዋ በር ነጋዴዎች፤ ባጃጃችሁን አቁማችሁ እንግዳ ያመላለሳችሁ ልጆች፤ ከውጭ የደወላችሁ፣ የላካችሁ፤ ሁላችሁንም ያክብርልን። ስማችሁን መዘርዘር ጀምሬ ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ እህቴ "እገሌን ረሳሽ" አለችኝ፣ ወዲያው ሌላውም። ቀደድኩት። የረሳሁህ፣ የረሳሁሽ ይቅር በሉን። ለቅሶ ደርሳችሁ ያላወራኋችሁም አላችሁ፤ አይቼ ያላየሁ ሆኜ ነው እንጂ ንቀት አይደለም።

ሱቁ ከሰኞ ጀምሮ ክፍት ነው። ወንድሜ ይሠራል፤ ወንድምጋሼም በሳምንት ሁለት ቀን ከኮምቦልቻ ይወጣል። ገንዘብ ልስጥ የምትሉ አላችሁ፤ ገንዘብ አንቀበልም። ጣውላ ከሆነ ግድግዳው ቦታ አለው።

ደግሞ አንድ ነገር። በለቅሶው ግርግር የአባባ ስኳድራ ከሱቁ ወጥታለች። የአያታችን ናት፣ አንድ ጥጓ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። የወሰዳችሁ በመስኮቱ አስገቧት። ማንም አይጠይቃችሁም።

ቤተሰቡ፣ ከደሴ
መስከረም 2018