ሆጃ ያልሽው ሻይ

እማዬ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? እዚህ ኪዮቶ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ይህን የምጽፍልሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነው። አንቺ ጋ ገና ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ድሬ በሯን ዘግታ የምትተኛበት ሰዓት።

ባለፈው እሁድ በስልክ «ቡና ከተውኩ ወዲህ ቤቱ ቤት አልመስል አለኝ» ያልሽኝ ሳምንቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። ጎረቤቶችሽ ቡና ሲጠሩሽ «እሺ፣ መጣሁ» ብለሽ እንደምትቀሪም እህቴ ነግራኛለች። ሐኪሙ እኮ ለእንቅልፍሽ ብሎ ቀንሺ አለሽ እንጂ አቁሚ አላለሽም። አንቺ ግን መቀነስ መቼ ታውቂና። ወይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ወይ ምንም።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር ላስተምርሽ ነው። አንቺን ስለ መቁላት ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ስሚኝ።

ያን ዕለት በየማታው ሆጂቻ የሚባል የጃፓን ሻይ በወተት እንደምጠጣ ስነግርሽ «ሆጃ ነዋ! ያው የኛ የቡና ገለባ በወተት! ሆጃ ለመጠጣት ነው ጃፓን ድረስ የሄድከው?» ብለሽ ሳቅሽብኝ። እኔም አብሬሽ ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩን ሳስበው ያን ያህል አልተሳሳትሽም።

ሆጂቻ ማለት የተቆላ ሻይ ማለት ነው። «ሆጂ» መቁላት ነው፣ «ቻ» ሻይ። ጃፓን ሲባል ሰው የሚያስበው ማቻን ነው፣ ያንን አረንጓዴ ዱቄት። ሆጂቻ የማቻ ድሃ ዘመድ ነው በይው። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ባንቻ ከሚባለው ዘግይቶ ከሚለቀም ጠንከር ያለ ቅጠል፣ ወይም ደግሞ ከቅጠሉ እንጨት ነው። የተጀመረው እዚሁ ኪዮቶ ውስጥ፣ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው ይባላል። ነጋዴዎቹ ጥሩ ጥሩው ቅጠል ከተሸጠ በኋላ የሚተርፈውን እንጨትና ፍርፋሪ መጣል ከበዳቸው። ከሰል ላይ ቆሉት። ሽታው ሰውን ጠራ።

ይህን ስሰማ ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ሐረርጌም ቢሆን ፍሬው ወደ ገበያ ሲሄድ ቤት የሚቀረው ገለባውና ቅጠሉ አይደል? ከገለባው ሆጃ። ከቅጠሉ ቁጢ። አያቴ የቡናውን ቅጠል ምጣድ ላይ እያመሰች፣ አፍልታ፣ ወተት ጨምራ ስትሰጠኝ «ይሄ የድሃ ነው» እያልኩ አኮርፍ ነበር። አሁን ኪዮቶ ውስጥ የዚያኑ ወንድም በፊንጃል ሲሸጡት ተሰልፌ እገዛለሁ። እግዜር ይይልኝ።

እዚህ ተራማቺ የሚባል መንገድ አለ። የቆዩ የሻይ ሱቆች ያሉበት ነው። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን በዚያ ሳልፍ ሽታ ያዘኝ። ቡና የሚቆላ ቤት አለ ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ቡና አይደለም፣ የሻይ ሱቅ በር ላይ ቅጠል እየቆሉ ነው። ግን ያ ጠቆር ያለ፣ ለውዝ ለውዝ የሚል ሽታ የኛን ሳሎን ሰተት አድርጎ አመጣልኝ። ጢሱን፣ ቄጠማውን፣ አንቺን ጭምር። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሰዎቹ ሊገዛ ነው ብለው ስኒ ይዘው መጡ።

የካፌይኑን፣ ያንን እንቅልፍ የሚነሳውን፣ ነገር ቶሎ ልንገርሽ። የጃፓን መንግሥት ባወጣው የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ መሠረት 100 ሚሊ ሊትር ሆጂቻ 20 ሚሊ ግራም ካፌይን አለው። ቡና 60 ነው። ስለዚህ ጭራሽ የለውም ብዬ አልዋሽሽም። እኔ እንደማፈላው ወፈር ካደረግሽው ደግሞ ከ20ውም ይበልጣል። በቀን አንድ ኩባያ ይበቃሻል፣ ለማንኛውም ሐኪምሽን ጠይቂ። አደራ የምልሽ ግን የብረት ኪኒንሽን በሱ እንዳትውጪ። ሻይ ብረቱን ሰውነት እንዳይወስደው ያግደዋል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለፍ።

አሁን ወደ ምጣዱ።

የመጀመሪያ ቀን ስቆላ ምን ሆንኩ መሰለሽ? ቅጠሉን መጥበሻ ላይ አድርጌ ስልኬን አየት አደረግኩ። በቃ። ቤቱ በጢስ ተሞላ፣ ጣሪያው ላይ ያለው የእሳት ማስጠንቀቂያ ይጮህ ጀመር። እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ በፎጣ ሳራግብ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ናቸው፣ 80 ያለፋቸው ባልቴት። እኔ የድሬ ልጅ፣ ሰውን ሁሉ «አንተ»፣ «አንቺ» ብዬ ያደግኩ፣ በማላውቀው የአክብሮት ቋንቋ ይቅርታ ስለምን እሳቸው አፍንጫቸውን ብቻ ነፋ ነፋ አደረጉ። «አሳረርከው» አሉኝና ሄዱ።

በነጋታው ሆሮኩ የምትባል ዕቃ ሊያሳዩኝ ይዘው መጡ። ከሸክላ የተሠራች ትንሽ መቁያ ናት። ከላይ ቀዳዳ አላት፣ እጀታዋ ደግሞ ውስጡ ክፍት ነው። ቅጠሉ ሲደርስ ዘንበል ስታደርጊያት በእጀታው በኩል ሹልል ብሎ ይወርዳል። የጀበና አንገት ያላት ምጣድ ብትባል ይሻላል። ውድ ስለሆነች እኔ ለመግዛት አልደፈርኩም፣ እስከዛሬ በመጥበሻ ነው የምሠራው። አንቺ ግን ምን ቸገረሽ፣ መቁያ አለሽ። ብቻ ደህና አድርገሽ እጠቢው። ሻይ ሽታ ይስባል፤ የቡና ቅባት ካለበት ቡና ቡና ይላል። ላንቺ ይሄ ጥፋት ላይሆን ይችላል፣ እሱን ራስሽ ፍረጂ።

ምጣዱ ባዶውን ይጋል። እሳቱ መካከለኛ ይሁን። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቅጠል ጨምሪና እጅሽ አይረፍ። ቡና 10 ደቂቃ ይታገስሻል፣ ይሄ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። አረንጓዴው ወደ ቡናማ ሲዞር፣ ቀጭን ጢስ ብቅ ሲል ከእሳት አውርጂው። ካወረድሽውም በኋላ አመሺው፣ ምጣዱ በራሱ ሙቀት ያሳርረዋል። መስኮቱን ክፈቺ። ጎረቤቶችሽ ሽታውን ሰምተው ምንድን ነው ማለታቸው አይቀርም።

ሁለተኛው ጥፋቴ ወተቱ ላይ ነው። ሻይ በወተት እንደምናፈላው መስሎኝ ቅጠሉን ቀጥታ ወተት ውስጥ ዶልኩት። ቀለም የለ፣ ጣዕም የለ። ቅጠሉ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ መከፈት አለበት፣ ወተት ብቻውን አይከፍተውም። ስለዚህ የቆላሽው ላይ አንድ ስኒ ተኩል የፈላ ውሃ አፍስሺበት፣ ከድኚው፣ አራት ደቂቃ ያህል ጠብቂና አጥልዪው። ጥቁር፣ ወፍራም ይወጣል። ብቻውን ስትቀምሺው ከጠነከረብሽ ትክክል ነው፣ ወተቱ ያለዝበዋል።

ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ሲሠሩ አይተሻል፤ ማሽኑ ወተቱ ውስጥ እንፋሎት ይነፋበታል። ያሞቀዋልም፣ አየርም ያስገባበታል፣ አረፋው ከዚያ ነው የሚመጣው። ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሲደርስ ያቆማሉ። ካለፈ ተፈጥሯዊ ጣፋጭነቱ ይቀንሳል። ይሄ ግን እዚህ በካርቶን ታሽጎ ለሚሸጠው ወተት ነው። ያንቺ ወተት ከላም ቤት የመጣ ጥሬ ነው፣ በኔ የዲግሪ ወሬ ተታለሽ ማፍላቱን እንዳትተዪ። አፍዪው፣ ስልባቦቱን አንሺለት፣ ትንሽ ይብረድ።

ከዚያ ማሽን አያስፈልግሽም። ትምህርት ቤት ሲረፍድብኝ ሻዬን በሁለት ኩባያ ከፍ አድርገሽ እያገላበጥሽ ታበርጂልኝ ነበር፣ ትዝ ይልሻል? ላዩ ላይ አረፋ ይቆም ነበር። ያንን ነው የምልሽ። ሁለት ስኒ ተኩል ወተት በሁለት ማንቆርቆሪያ ሰባት ስምንቴ ከፍ አድርገሽ አገላብጪ። የካፌውን ያህል አይወፍርም። ግን ይቆማል። እኔ በባትሪ የምትሽከረከር ትንሽ መምቻ ገዝቼ ነበር፣ በወሯ ሞተች። አሁን ሁለት ኩባያ ይዤ እንዳንቺው ማጠቢያው ላይ ቆሜ አገላብጣለሁ።

ሻዩን በኩባያ ቅጂ፣ ወተቱን ከላይ አፍስሺ። ስኳር እንደወደድሽ። እዚህ ከጥቁር ስኳር የተሠራ ሽሮፕ ያደርጉበታል፣ ማርም ይሄዳል።

አንድ ቀን ማታ ግን አያቴ ትዝ አለችኝና ቁንጥር ጨው ጣል አደረግኩበት። ባልቴቷ አብረውኝ ነበሩ። ጨው ሳደርግ ሲያዩ ፊታቸው ልክ እንዳንቺ ሆነ፣ በርበሬ ላይ ኬቻፕ ሳደርግ እንዳየሽኝ ቀን። ዝም ብለው ቀመሱ። ደገሙ። ስሙን ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው? «ሆጃ» አልኳቸው። «ሆጂቻ?» አሉ። «አይ፣ ሆጃ።» እስኪገባቸው ብዙ ሳቅን። አሁን በር ላይ ስንገናኝ ሰላምታቸው እሱ ሆኗል።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አገር ቤት የሚገባ ልጅ አለ። 2 ኪሎ ቦታ ሻንጣው ላይ ሰጥቶኛል። ሻይ ልኬልሻለሁ። የተቆላውን አልገዛሁልሽም፣ ጥሬውን አረንጓዴውን ነው። የተቆላ ብልክልሽ ፈልቶ ይጠጣል፣ ያልቃል፣ ቤቱ ደግሞ እንደነበረው ይሆናል። አንቺ የጎደለሽ መጠጡ ብቻ አልመሰለኝም።

ልጁ ሲመለስ ባዶውን እንዳትልኪው። በርበሬውን ታውቂዋለሽ። ከቀፊራ ገበያ ደህና ቁጢ ካገኘሽ ደግሞ አንድ ሁለት እፍኝ በጋዜጣ ጠቅልለሽ ጨምሪልኝ፣ ለባልቴቷ ቃል ገብቻለሁ። እንዴት እንደሚቆላም በስልክ ትነግሪኛለሽ። በሚያስነጥሰው በርበሬ አጠገብ ግን አታስቀምጪው፣ ቅድም ነግሬሻለሁ፣ ሽታ ይስባል።

ጉልበትሽን በቅባት እሺው። እሁድ እደውላለሁ።

ልጅሽ